ጊዜ ገደብና ግብረ መልስ፦ የኮምፒውተር ተግባራት ድልድል በቁጥጥር ንድፈ ሐሳብ

አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ ልማዱ ትክክለኛ ነው የሚባለው የሰጠው መልስ ትክክል ሲሆን ነው፤ ሪል ታይም በሚባለው፣ ማለትም እያንዳንዱ ሥራ የሚያልቅበት ጊዜ አስቀድሞ በተወሰነበት ሥርዓት ውስጥ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ትክክለኛው መልስ ከተቀጠረለት ጊዜ ዘግይቶ ከደረሰ እንደ ስሕተት ይቆጠራልና። በመኪና ውስጥ ግጭት መድረሱን የሚለየው ኮምፒውተር የአየር ከረጢቱን ለማስነፋት ያለው ጊዜ በሚሊሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺሕኛ የሚቆጠር ነው፤ ውሳኔው የቱንም ያህል የተጣራ ቢሆን የአሽከርካሪው ፊት መሪው ላይ ካረፈ በኋላ ቢመጣ ዋጋ የለውም። በእንዲህ ያለው ኮምፒውተር ውስጥ አንድ ፕሮሰሰር ብዙ ተግባራትን እያፈራረቀ ስለሚያከናውን፣ የትኛው ተግባር መቼ ፕሮሰሰሩን እንደሚይዝ የሚወስን አካል ያስፈልጋል፤ ይህ አካል ስኬጁለር ወይም ተራ ደልዳይ ይባላል። የዚህ ዲስኩር ጉዳይ ተራ ደልዳዩ ከሌላ የምሕንድስና ዘርፍ፣ ከቁጥጥር ንድፈ ሐሳብ፣ የተዋሰው ዕውቀት ምን እንደ ጨመረለትና ምን እንዳስከፈለው መመርመር ነው።

የድልድል ጥናት መሠረት ተደርጎ የሚወሰደው በ1973 በሲ. ኤል. ሊዩ እና በጄምስ ሌይላንድ የወጣው ጽሑፍ ነው፤ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጸሐፊዎቹ በአንድ ፕሮሰሰር ላይ በየተወሰነ ጊዜ እየተደጋገሙ የሚሠሩ ተግባራትን ወስደው ሁለት የድልድል ዘዴዎችን መረመሩ፤ በመጀመሪያው ቶሎ ቶሎ የሚደጋገመው ተግባር ሁልጊዜ ቅድሚያ ያገኛል፣ በሁለተኛው ደግሞ በዚያች ቅጽበት የጊዜ ገደቡ ይበልጥ የቀረበው ተግባር ይቀድማል። መለኪያቸው የፕሮሰሰሩ ጫና ነበር፤ በየ10 ሚሊሰከንዱ 2 ሚሊሰከንድ የሚሠራ ተግባር የፕሮሰሰሩን 20 በመቶ ወሰደ ይባላል፣ የሁሉም ተግባራት ድርሻ ተደምሮ ጠቅላላው ጫና ይገኛል። ውጤታቸውም ጥርት ያለ ነው፦ ገደቡ የቀረበውን በሚያስቀድመው ዘዴ ጫናው ከ100 በመቶ እስካላለፈ ድረስ አንድም ገደብ አይታለፍም፤ በቋሚ ቅድሚያ በሚመራው ዘዴ ግን ለሁለት ተግባራት 82.8 በመቶ፣ የተግባራቱ ቁጥር እየበዛ ሲሄድም 69.3 በመቶ አካባቢ ድረስ ዋስትና ይሰጣል።

ይህ ውበት ያለው ውጤት የቆመው ግን በአንድ ብርቱ ግምት ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ተግባር የሚፈጀው ጊዜ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። መሐንዲሱ ይህን ለማሟላት ተግባሩ በከፋው ሁኔታ የሚፈጀውን ከፍተኛ ጊዜ ይይዛል፤ ነገር ግን ዘመናዊው ፕሮሰሰር በቅርብ የተነበበ መረጃን ካሽ በሚባል ፈጣን ማኅደር ውስጥ ስለሚያስቀምጥና ቀጣዩን ትእዛዝ እየገመተ ስለሚሮጥ፣ ያው ፕሮግራም በአንዱ ዙር በ2 በሌላው ዙር በ10 ሚሊሰከንድ ሊጠናቀቅ ይችላል። ለከፋው ሁኔታ ብቻ የሚያቅድ መሐንዲስ የተጠራው ሁሉ፣ ያልተጠራውም ጭምር፣ በአንድ ሰዓት ይመጣል ብሎ እንደሚደግስ ባለ ድግስ ነው፤ አያፍርም፣ አብዛኛው ምግብ ግን ይተርፈዋል። በአውሮፕላን መሪና በልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ላይ ይህ ትርፍ ተገቢ ወጪ ነው። ካሜራው ፊት ለፊት የሚያልፈው ሰው በበዛ ቁጥር ስሌቱ በሚረዝም የምስል መለያ ሥርዓት ላይ፣ ወይም የጠያቂዎቹ ቁጥር ከሰዓት ሰዓት በሚለዋወጥ የመረጃ ማዕከል ላይ ግን የከፋው ሁኔታ ራሱ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይገኝም።

ከግምት ውጭ የሆነ ጫና ምን እንደሚያስከትል በስፋት ከተመዘገቡት አጋጣሚዎች አንዱ የአፖሎ 11 መንኮራኩር ጨረቃ ላይ ባረፈበት በጁላይ 20 ቀን 1969 የታየው ነው። የማረፊያዋን መንኮራኩር የሚመራው ኮምፒውተር ዋናውን የበረራ ስሌት በየሁለት ሰከንዱ አዲስ ይጀምር ነበር፤ ተራ ደልዳዩ፣ በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቤተ ሙከራ በሃል ላኒንግ የተነደፈው፣ ለተግባራት ቅድሚያ እየሰጠ የሚያሠራ በዘመኑ አዲስ የሆነ ሥራ ነበር። በዚያ ቀን በሁለት የኤሌክትሪክ ምንጮች መካከል በነበረ አለመጣጣም ምክንያት ለማረፊያው የማያስፈልግ አንድ ራዳር ኮምፒውተሩ የማያቋርጥ የቁጥር ምልክት እንዲቀበል አደረገው፤ እያንዳንዷ ምልክት ከፕሮሰሰሩ ጥቂት ማይክሮሰከንድ ብቻ ብትወስድም፣ ተደምረው ከአጠቃላይ ጊዜው ከ10 በመቶ በላይ ነጠቁ። የበረራ ስሌቱ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ሳያልቅ ቀጣዩ ዙር ይጀመር ጀመር፤ ያላለቁት ዙሮች እያንዳንዳቸው የማኅደር ቦታ ይዘው ስለ ቀሩ ቦታው አለቀ፣ ሰሌዳው ላይም 1202 ቀጥሎም 1201 የሚሉ የማስጠንቀቂያ ቁጥሮች ወጡ።

ኮምፒውተሩን ያዳነው በጥንቃቄ የታሰበበት አወዳደቁ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ሲወጣ ሥርዓቱ ራሱን እንደ አዲስ አስነሥቶ ዋናውን ስሌት ከቆመበት ቀጠለ፣ ዝቅተኛ ቅድሚያ የነበራቸውን የማሳያ ሥራዎች ግን ጣላቸው። ይሁንና ይህ አሠራር ጫናው ጣሪያ እስኪነካ ድረስ ምንም ዓይነት መላ አይመታም፤ ጫናው 90 በመቶ ሲደርስ የሚያየውም ሆነ «ትንሽ እንቀንስ» የሚል አካል በውስጡ አልነበረም። የቁጥጥር ንድፈ ሐሳብ የሚሞላው ክፍተት ይኸው ነው።

ቁጥጥር በምሕንድስና ቋንቋ የራሱ የሆነ ጠባብ ትርጉም አለው። ጄምስ ዋት በ1788 በእንፋሎት ሞተሩ ላይ የገጠማቸው የሚሽከረከሩ ኳሶች ሞተሩ ሲፈጥን ወደ ውጭ እየተወረወሩ የእንፋሎቱን በር ያጠቡ፣ ሲቀዘቅዝም ወርደው ይከፍቱት ነበር፤ ውጤቱ ተለክቶ ወደ መንሥኤው የሚመለስበት ይህ አሠራር ግብረ መልስ ይባላል። እንዲህ ያሉ መቆጣጠሪያዎች አንዳንዴ ሞተሩን ከማረጋጋት ይልቅ ሲያዋዥቁት መታየቱ ጥያቄ ሆኖ ቆይቶ፣ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል በ1868 ባወጣው ጽሑፍ መርጋትና አለመርጋት በስሌት የሚለዩበትን መንገድ አሳየ። ሃሮልድ ብላክ በ1927 በቤል ቤተ ሙከራዎች ያንኑ ሐሳብ ለስልክ ድምፅ ማጉያ አዋለው፤ የማጉያው ክፍሎች ከዕድሜና ከሙቀት ጋር ጠባያቸው ቢለዋወጥም፣ ግብረ መልሱ ውጤቱን አንድ ወጥ አድርጎ ያዘው። ለተራ ደልዳዩ ትልቁን ተስፋ የያዘው ይህ የመጨረሻው ጠባይ ነው፦ የሚቆጣጠሩትን ነገር በትክክል ሳያውቁ መቆጣጠር።

በቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ ጆን ስታንኮቪች፣ ቼንያንግ ሉ እና ባልደረቦቻቸው በ1999 ያቀረቡት፣ በ2002 ደግሞ በሰፊ የስሌት መሠረት ላይ ያቆሙት ሥራ ይህን ተስፋ ወደ ተራ ደልዳዩ ያስገባ ነው። በሥርዓታቸው ውስጥ ገደቡ የቀረበውን የሚያስቀድመው የቆየ ዘዴ እንዳለ ይቀጥላል፤ ከበላዩ ግን በየተወሰነ ጊዜ የሚነቃ ተቆጣጣሪ ተቀምጧል። ተቆጣጣሪው በመጀመሪያ አንድ መጠን ይለካል፣ የተለካውን ከተፈለገው ዒላማ ይቀንሳል፣ በልዩነቱም መጠን እርማት ያዝዛል። እርማቱን የሚፈጽሙት ሁለት እጆች ናቸው፦ አንደኛው በመሥራት ላይ ያሉ ተግባራትን የአገልግሎት ደረጃ ዝቅ ወይም ከፍ ያደርጋል፣ ለምሳሌ ምስሉ በደቃቁ ሳይሆን በግርድፉ እንዲሰላ ያዝዛል፤ ሁለተኛው አዲስ የሚመጡ ተግባራትን ይቀበላል ወይም ይመልሳል።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ በቁጥር ማየቱ ይበጃል። የጫናው ዒላማ 80 በመቶ፣ አሁን ያለው ጫና 40 በመቶ ነው እንበል፤ ተቆጣጣሪውም በየዙሩ የልዩነቱን ግማሽ ያህል ተጨማሪ ሥራ የሚያዝዝ ይሁን፤ ይህ ግማሽ የእርማት ምጣኔ ይባላል። የተግባራቱ የተገመተ ጊዜ ትክክል ከሆነ ጫናው ከ40 ወደ 60፣ ከዚያ ወደ 70፣ ወደ 75፣ ወደ 77.5 እያለ ቀስ ብሎ ዒላማውን ይጠጋል። አሁን ግምቱ የተሳሳተ ይሁንና ተግባራቱ ከተገመተው ሦስት እጥፍ የሚፈጁ ሆነው ይገኙ፤ 20 በመቶ ብሎ ያዘዘው ተጨማሪ ሥራ 60 ሆኖ ይመጣና ጫናው በአንድ ዙር 100 ይደርሳል፤ ተቆጣጣሪው ግን አይቶ ስለሚቀንስ ቀጥሎ 70፣ ቀጥሎ 85፣ ቀጥሎም 77.5 ይሆናል። ግምቱ በሦስት እጥፍ ቢስትም ሥርዓቱ ከጥቂት መንገዳገድ በኋላ ወደዚያው ዒላማ ደረሰ። ስሕተቱ አራት እጥፍ ቢሆን ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከ70 የተነሣ ጫና ወደ 90፣ ከ90 ወደ 70፣ እንደገና ወደ 90 እያለ ሲመላለስ ይኖራል እንጂ አያርፍም፤ አምስት እጥፍ ከሆነም ከ70 ወደ 95፣ ከዚያ ወደ 57.5፣ ከዚያም ከ113 በላይ እየዘለለ መወዛወዙ ይሰፋል።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ አጭር ነው፦ የእርማት ምጣኔውና ግምቱ የሳተበት እጥፍ ተባዝተው ከ2 ማነስ አለባቸው። ይህች ትንሽ ሕግ የመሐንዲሱን ጥያቄ ትለውጣለች። በሊዩና በሌይላንድ ዘመን መሐንዲሱ የሚጠየቀው «እያንዳንዱ ተግባር ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ተብሎ ነበር፤ አሁን ግን የሚጠየቀው «ግምትህ ቢበዛ በስንት እጥፍ ሊስት ይችላል?» ተብሎ ነው፣ ለዚህኛው ደግሞ መልስ መስጠት እጅግ ይቀላል። ግምቱ ከሦስት እጥፍ በላይ እንደማይስት የሚያምን ሰው የእርማት ምጣኔውን ከሁለት ሦስተኛ በታች ካደረገ ሥርዓቱ ይረጋል። በዘርፉ ብዙ የተጻፈው ስለ ተቆጣጣሪው ረቂቅነት ቢሆንም፣ እውነተኛው ፍሬ ይህ የጥያቄ ለውጥ ነው ማለት ይቻላል። በ1999 የቀረበው ተቆጣጣሪ እንኳ በፋብሪካ ዘንድ ለዘመናት የኖረውና ፒ አይ ዲ የሚባለው ዓይነት ነበር፤ ይኸውም የአሁኑን ልዩነት፣ የተጠራቀመውን ልዩነትና ልዩነቱ የሚለወጥበትን ፍጥነት እያመዛዘነ የሚያርም ነው።

ችግሩ የሚብሰው በመለኪያው ላይ ነው። የውሃ ጋን ከሞላ በኋላ የሚፈሰው ይታያል፤ ፕሮሰሰር ግን መቶ በመቶ ከተያዘ በኋላ የተረፈው ሥራ ምን ያህል እንደሆነ ከጫናው ልኬት ላይ አይነበብም፤ የተጠየቀው ሥራ 105 በመቶም ይሁን 200፣ መለኪያው 100 ብቻ ያሳያል። ከላይ በተቀመጠው ምሳሌ፣ ግምቱ ትክክል ሆኖ የተጠየቀው ጫና በድንገት 200 በመቶ ቢሆን፣ ተቆጣጣሪው የሚያየው ልዩነት ከዒላማው 20 በመቶ ብቻ ስለሆነ በየዙሩ የሚቀንሰው 10 በመቶ ነው፤ ወደ 100 ለመውረድም አሥር ዙር ይፈጅበታል፣ በእነዚህ ዙሮች ሁሉ ገደቦች እየታለፉ ነው። መለኪያው እውነቱን ቢያይ ኖሮ ጫናው ከ200 ወደ 140፣ ወደ 110፣ ወደ 95 እያለ በሦስት ዙር ከአደጋው በወጣ ነበር።

አማራጩ ጫናን ትቶ ያመለጡ ገደቦችን ድርሻ መለካት ነው፤ ከመቶ ተግባራት ስንቱ ዘገየ ብሎ መቁጠር ማለት ነው። ይህ መለኪያ በጭንቅ ጊዜ አጥርቶ ያያል፣ በደኅና ጊዜ ግን ይታወራል፤ ምንም ገደብ ካልታለፈ ጫናው 30 በመቶ ይሁን 95 ሊነግር አይችልምና። ከዚህም የባሰው፣ ዒላማው ዜሮ ከሆነ ተቆጣጣሪው ሥራ የሚጨምርበት ምክንያት ስለማያገኝ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ በዚህ መለኪያ ብቻ የሚመራ ሥርዓት ጥቂት ገደብ ማሳለፍን አስቀድሞ እንደ ዒላማ መቀበል አለበት። የቨርጂንያዎቹ ተመራማሪዎች መፍትሔ ሁለቱን መለኪያዎች በሁለት ተቆጣጣሪዎች እጅ አድርጎ ከሁለቱ ትእዛዞች ሁልጊዜ አነስተኛውን፣ ማለትም ጠንቃቃውን መፈጸም ነበር። መላው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ የሚታወርበት ቦታ ሌላው የሚያይበት መሆኑን አስተውሎ መገጣጠሙ ከየትኛውም ረቂቅ ስሌት የበለጠ ሊመሰገን የሚገባው ነው።

በአውሮፓ ጥናቱ የተነሣው ከሌላ በር ነው። በጣልያን ጆርጆ ቡታዞና ባልደረቦቹ በ1998 ያቀረቡት አሠራር እያንዳንዱን ተግባር እንደ ሞላ፣ ማለትም እንደ ስፕሪንግ ይመለከታል፤ ጫናው ሲበዛ ተግባራቱ የሚደጋገሙበት ጊዜ ይለጠጣል፣ በ10 ሚሊሰከንድ ይደጋገም የነበረው በ14 ይሆናል፤ የመለጠጡ መጠንም ለየተግባሩ በተሰጠው ጥንካሬ ይወሰናል። በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ካርል-ኤሪክ ኦርዜን፣ አንቶን ሴርቪን እና ዮሃን ኤከር የተነሡት የሚደለደሉት ተግባራት ራሳቸው ተቆጣጣሪ ሲሆኑ ምን እንደሚሆን በመጠየቅ ነው። የሮቦት ክንድን የሚመራ ተግባር በየ10 ሚሊሰከንዱ ፈንታ በየ14 ሚሊሰከንዱ ቢሠራ ክንዱ አይወድቅም፣ ጥራቱ ግን ትንሽ ይቀንሳል፤ ይህ የጥራት ጉድለት በቁጥር ሊሰላ ስለሚችል፣ ፕሮሰሰሩ ሲጣበብ የማን ዙር ቢለጠጥ አጠቃላዩ ጉዳት እንደሚያንስ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። የሉንድ ሊቃውንት ከግብረ መልሱ ጋር ቅድመ ማስታወቂያንም አያያዙ፤ አንድ ተግባር ከቀላሉ ስሌት ወደ ከባዱ ሊሸጋገር ሲል ይህንኑ ለደልዳዩ ይነግረዋል፣ ደልዳዩም ጫናው እስኪታይ ሳይጠብቅ የሌሎቹን ዙር ያስረዝማል። ግብረ መልስ የሚያርመው የተፈጸመውን ስለሆነ፣ ሊመጣ ያለው በሚታወቅበት ቦታ ሁሉ ይህ ማስታወቂያ ከማንኛውም ፈጣን እርማት ይበልጣል።

የዘዴው ወሰንም ከዚሁ ይመነጫል። ግብረ መልስ የሚነቃው ስሕተት ከታየ በኋላ ነው፤ አንድ ጊዜ መዘግየቱ ሕይወት በሚያስከፍልበት ተግባር ላይ ደግሞ የሚታረም ስሕተት መጠበቅ አይቻልም፤ ለአየር ከረጢቱ «በአማካይ በጊዜው ይነፋል» የሚል ዋስትና ዋስትና አይደለም። ስለዚህ በዘርፉ ሥር የሰደደው አካሄድ ፕሮሰሰሩን ከፍሎ መያዝ ነው። ሉካ አቤኒ እና ቡታዞ በ1998 ባቀረቡት የቋሚ ድርሻ አሠራር እያንዳንዱ ተግባር «በየ100 ሚሊሰከንዱ 20 ሚሊሰከንድ» እንደማለት ያለ የተቆረጠ ድርሻ ይሰጠዋል፤ ከድርሻው በላይ ለመሥራት የሚሻ ተግባር የራሱ ገደብ ወደ ኋላ ይገፋበታል እንጂ የጎረቤቱን ጊዜ አይነካም። ይህ አሠራር ገደቡ የቀረበውን ከማስቀደም ጋር ተጣምሮ በ2014 ሊነክስ በሚባለው ሥርዓተ ክወና 3.14 እትም ውስጥ ገብቷል። በሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ክወና የተቀበለው ድርሻውን እንጂ ድርሻውን የሚያስተካክለውን ተቆጣጣሪ አለመሆኑ አያስገርምም፤ የድርሻ ሕግ ለሁሉም አንድ ሲሆን፣ የትኛው መጠን ይለካ፣ ዒላማው ምን ይሁን የሚለው ግን ከፕሮግራም ፕሮግራም ስለሚለያይ ለባለ ፕሮግራሙ መተዉ ይሻላል። ከድርሻዎቹ በላይ ግብረ መልስ የሚጨምር ሰውም አደገኞቹን ተግባራት በቋሚ ድርሻ አጥሮ፣ ተቆጣጣሪው እንዲነካ የሚፈቀድለትን የፕሮሰሰር ክፍል ለይቶ ይሰጠዋል።

እንዲህ ያለ ሥርዓት ሲገነባ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ተቆጣጣሪው ራሱም የፕሮሰሰር ጊዜ የሚፈልግ ተግባር መሆኑ ነው። ቶሎ ቶሎ እንዲነቃ ከተደረገ ለማዳን የመጣውን ጊዜ ራሱ ይበላዋል፤ በሁለት መንቃቶች መካከል ጥቂት ተግባራት ብቻ ስለሚጠናቀቁም ልኬቱ በአጋጣሚ ይናጣል። መናጡን ለማስታገስ ያለፉ ልኬቶችን አማካይ መውሰድ የተለመደ ቢሆንም፣ አማካይ ያረጀ ዜና ስለሆነ እርማቱን ያዘገየዋል፣ የዘገየ እርማት ደግሞ ከላይ የታየውን መወዛወዝ በትንሽ ምጣኔ እንኳ ሊያመጣው ይችላል። ተቆጣጣሪው ዝቅተኛ ቅድሚያ ከተሰጠው ደግሞ ጫናው ጣሪያ በሚነካበት፣ ማለትም በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ተራ አያገኝም፤ በመሆኑም ከሚቆጣጠራቸው ተግባራት ሁሉ በላይ ይቀመጣል፣ ስሌቱም የተግባራቱ ቁጥር ቢበዛ የማይረዝም እንዲሆን ይደረጋል። በከፋው ሁኔታ የሚፈጀው ጊዜ በ1973ቱ መንገድ አስቀድሞ ተለክቶ በጠቅላላው ጫና ውስጥ መቆጠር ያለበት አንድ ተግባር ቢኖር፣ ይህ ተቆጣጣሪ ራሱ ነው።